የሄድፎን አምፕ ጌይን፦ ሎው ወይስ ሃይ? በስሌትም በጆሮም የሚመረጥበት መንገድ

በሄድፎን አምፕ ላይ፣ ማለትም ወደ ሄድፎን የሚሄደውን ምልክት በሚያጎላው መሣሪያ ላይ፣ «ሎው» (ዝቅተኛ) እና «ሃይ» (ከፍተኛ) የተጻፈባት ትንሽ ስዊች አለች። ሃይ ላይ ስትሆን ድምፁ በአንድ ጊዜ ስለሚጮህ አምፑ ጉልበት የጨመረ ይመስላል። ባሱ ከበደ፣ ዘፋኙ ቀረበ፣ ድምፁ ሰፋ ይባላል። አብዛኞቹ የጠረጴዛ አምፖች ላይ ግን ስዊቿ ጉልበት አትጨምርም። አምፑ ቢበዛ ምን ያህል ሊያወጣ እንደሚችል የሚወስኑት የኃይል አቅርቦቱና የመውጫ ክፍሉ ናቸው፤ ስዊቿ የትም ብትሆን እነሱ አይለወጡም። ጌይን የሚወስነው የገባው ቮልቴጅ በስንት ተባዝቶ እንደሚወጣ ብቻ ነው። በተግባር ሲታይ ጌይን መምረጥ ማለት የቮልዩም ማዞሪያው በየትኛው ክፍሉ ላይ እንደሚሠራ፣ ዘፈን በሌለበት ምን ያህል «ሽሽሽ» እንደሚሰማና ድምፁ የት ላይ መቀደድ እንደሚጀምር መምረጥ ነው።

ደንቡ አጭር ነው፦ የምትፈልጉትን ድምፅ ከበቂ ትርፍ ጋር የሚሰጣችሁን ዝቅተኛውን ጌይን ተጠቀሙ። «በቂ ትርፍ» ስንት እንደሆነ ለማወቅ ግን ሦስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ምንጩ ስንት ቮልት ያወጣል? ሄድፎኑ በአንድ ቮልት ምን ያህል ይጮሃል? አምፑስ በስንት ያባዛል?

ከዚያ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። እንደ ፎከስራይት ስካርሌት ባሉ የቀረጻ ኢንተርፌሶችና በሚክሰሮች ላይ «ጌይን» የተባለው ማዞሪያ የሚያባዛው የማይክራፎኑን መግቢያ ነው። ሄድፎኑ ላይ ድምፅ አነሰኝ ብሎ እሱን መጨመር ቀረጻውን ያበላሻል። የሄድፎኑ ማዞሪያ ለብቻው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሄድፎን ሥዕል አጠገቡ አለ። እዚህ የምናወራው በሄድፎን አምፕ ላይ ስላለው ጌይን ብቻ ነው።

ምንጩ ስንት ቮልት ያወጣል?

በአርሲኤ ገመድ የሚያወጣ የጠረጴዛ ዳክ (ዲጂታሉን ዘፈን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር መሣሪያ) በአብዛኛው 2 ቮልት ያወጣል፤ በባላንስድ ኤክስኤልአር መውጫው (ምልክቱን በሁለት ተቃራኒ ሽቦዎች በሚልከው) ደግሞ 4 ቮልት። የስልክና የተራ ላፕቶፕ ጃክ ብዙውን ጊዜ በግማሽና በአንድ ቮልት መካከል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት የአፕል ዩኤስቢ-ሲ ዶንግል (ሄድፎንን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ገመድ) አለ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው፣ የሞዴል ቁጥሩ ኤ2049 የሆነው፣ 1 ቮልት ያወጣል። ለአውሮፓ ገበያ የሚሠራው ኤ2155 ግን ግማሽ ቮልት ገደማ ነው። መልካቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ ከዋሽንግተን ዘመድ የላከውና ከፍራንክፈርት የመጣው በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይለያያሉ። በላዩ ላይ ደግሞ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የዶንግሉ የውስጥ ቮልዩም እስከ መጨረሻው ስለማይከፈት ስልኩ «ሙሉ» ቢልም የሚወጣው ከዚያ ያነሰ ነው። «አምፑ ደካማ ነው» ሲባል ችግሩ እዚህ ሊሆን ይችላል፤ አምፑ የሚያባዛው ነገር አልደረሰውም።

ሄድፎኑ በአንድ ቮልት ምን ያህል ይጮሃል?

ካርቶኑ ወይም የአምራቹ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ታገኛላችሁ። አንዱ ዴሲቤል (ከዚህ በኋላ ዲቢ) በሚሊዋት፣ ሌላው ዲቢ በቮልት። ለእኛ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። የተሰጠው በሚሊዋት ከሆነ እንደ ኦሙ (የሄድፎኑ የኤሌክትሪክ መቋቋም) መጠን ይህን ደምሩበት፦

16 ኦም ከሆነ 18
32 ኦም ከሆነ 15
38 ኦም ከሆነ 14
50 ኦም ከሆነ 13
80 ኦም ከሆነ 11
250 ኦም ከሆነ 6
300 ኦም ከሆነ 5
600 ኦም ከሆነ 2

ባየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ ባለ 250 ኦሙ 96 ዲቢ በሚሊዋት ነው፤ 6 ሲደመርበት 102 ዲቢ በቮልት ይሆናል። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤም50ኤክስ 38 ኦምና 99 ዲቢ ስለሆነ 113 ይመጣል። ሃይፋይማን ኤችኢ6 ደግሞ 50 ኦምና 83.5 ዲቢ በሚሊዋት ነው፤ ውጤቱ 96.5። ዜንሃይዘር ኤችዲ 650 በአምራቹ የተሰጠው በቀጥታ 103 ዲቢ በቮልት ነው፤ ምንም መደመር አያስፈልገውም። ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ትናንሽ ኤርፎኖች ብዙዎቹ ከ115 እስከ 125 ዲቢ በቮልት ናቸው።

ሦስቱን የመጀመሪያ ቁጥሮች ጎን ለጎን ብታዩ አንድ የተለመደ አባባል ይፈርሳል። «ኦሙ ከፍ ካለ ሃይ ጌይን፣ ዝቅ ካለ ሎው» ይባላል። 50 ኦሙ ኤችኢ6 ግን ከ250 ኦሙ ዲቲ 990 ይበልጥ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ኦም ብቻውን አይመራም።

አምፑ በስንት ያባዛል?

አምራቾች ጌይንን በሁለት መንገድ ይጽፋሉ፤ በእጥፍ ወይም በዲቢ። 0 ዲቢ ማለት የገባው እንዳለ ይወጣል ማለት ነው። 6 ዲቢ ሁለት እጥፍ፣ 10 ዲቢ ሦስት እጥፍ ከትንሽ፣ 12 ዲቢ አራት እጥፍ፣ 20 ዲቢ አሥር እጥፍ ነው። ለምሳሌ የጄዲኤስ ላብስ አተም አምፕ ሎው ላይ አንድ እጥፍ፣ ሃይ ላይ 4.5 እጥፍ ነው፤ የሁለቱ ልዩነት 13 ዲቢ ይሆናል። አንዳንድ አምፖች ከዜሮ በታች የሆነ ጌይንም አላቸው። ያ የገባውን ይቀንሳል፤ ለትናንሽ ኤርፎኖች የተሠራ ነው።

አሁን ማስላት

ለዘፈን ጫፎች፣ ከበሮው ሲመታ ወይም ዘፋኙ ሲጮህ ለሚመጣው ቅጽበታዊ ድምፅ፣ 110 ዲቢ ከበቂ በላይ ነው። መደበኛ አዳማጭ በአማካይ 75 ዲቢ አካባቢ ነው የሚያዳምጠው፤ ጫፎቹ ከዚያ 15 ወይም 20 ዲቢ ከፍ ይላሉ። ስለዚህ 110ን መድረሻ አድርጉና የሄድፎናችሁን ዲቢ በቮልት ቀንሱበት። ቀሪው 0 ከሆነ 1 ቮልት ይበቃል። 6 ከሆነ 2 ቮልት፣ 8 ከሆነ 2.5 ቮልት፣ 10 ከሆነ 3.2 ቮልት፣ 14 ከሆነ 5 ቮልት ያስፈልጋል። ከዜሮ በታች 3 ከወጣ 0.7 ቮልት፣ ከዜሮ በታች 10 ከወጣ ደግሞ 0.32 ቮልት። ያገኛችሁትን ለምንጩ ቮልት ስታካፍሉት የሚያስፈልጋችሁ ጌይን በእጥፍ ይወጣል።

ዲቲ 990ን እንውሰድ። 110 ሲቀነስ 102፣ 8 ይቀራል፤ 2.5 ቮልት ይፈልጋል። ምንጩ ባለ 2 ቮልት ዳክ ከሆነ የሚያስፈልገው ጌይን 1.25 እጥፍ ብቻ ነው። አንድ እጥፍ የሆነ ሎው ጌይን 108 ዲቢ ይደርሳል፤ የጎደለችው 2 ዲቢ ከመድረሻው እንጂ ከማዳመጫው አይደለችም። ሎው ይበቃል። ምንጩ የአሜሪካው ዶንግል ከሆነ 2.5 እጥፍ፣ የአውሮፓው ከሆነ 5 እጥፍ ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ ሃይ ጌይን ተገቢ ነው። ሄድፎኑ ያው፣ አምፑ ያው፣ የስዊቿ ቦታ ግን የተለያየ። «ለዲቲ 990 የትኛው ጌይን?» የሚለው ጥያቄ ምንጩ ሳይነገር መልስ የሌለውም ለዚህ ነው።

ኤም50ኤክስ 0.7 ቮልት ነው የሚፈልገው። የአሜሪካው ዶንግል ያለ አምፕ ከበቂ በላይ ያስጮኸዋል፤ ለሱ ተብሎ አምፕ መግዛት ድምፅ ለማግኘት ከሆነ ገንዘብ ማባከን ነው። ኤችኢ6 ደግሞ 4.7 ቮልት ገደማ ይጠይቃል፤ በ2 ቮልት ምንጭ እንኳ ከሁለት እጥፍ በላይ ማባዛት ግድ ነው።

ሁለት ነገሮች ስሌቱን ከፍ ያደርጉታል። ከካሴትና ከድሮ ሸክላ የተገለበጡ ዘፈኖች ብዙ ጊዜ በዝቅተኛ ደረጃ ስለተቀዱ ከዛሬዎቹ በ10 ዲቢ ሊያንሱ ይችላሉ። ኢኳላይዘር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ባስ በጨመራችሁበት ልክ ፕሪአምፑን (የኢኳላይዘሩን አጠቃላይ የድምፅ ደረጃ) መቀነስ አለባችሁ፤ ባስ በ6 ዲቢ ከጨመረ ሙሉው ድምፅ በ6 ዲቢ ይወርዳል። ያንን ያህል መድረሻው ላይ ደምሩ። የባላንስድ መውጫ ያለው አምፕ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ ያ መውጫ አብዛኛውን ጊዜ 6 ዲቢ ስለሚጨምር ወደዚያ ስትሰኩ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ጌይን መሞከር ይቻላል።

የማዞሪያው ታች ላይ ያለው ችግር

ሃይ ጌይን ያለአግባብ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጎዳው የቮልዩም ቁጥጥሩ ነው። በተራ አምፕ ውስጥ ያለው ማዞሪያ በአንድ ዘንግ ላይ የተገጠሙ ሁለት ሪዚስተሮች አሉት፤ አንዱ ለግራ፣ ሌላው ለቀኝ። በመሃልና በላይኛው ክፍል ሁለቱ ተስማምተው ይሄዳሉ። ታች ላይ፣ ድምፅ ገና መሰማት በሚጀምርበት ቦታ፣ የካርቦኑ ውፍረት ትንሽ ልዩነት በዲቢ ሲቆጠር ትልቅ ይሆናል። አንዱ ጆሮ ቀድሞ ይከፈታል። መሃል መቆም ያለበት ዘፋኝ ወደ ግራ ይሸሻል፤ ማዞሪያውን በጥፍር ጫፍ ስታነኩት ወይ ይጠፋል ወይ ይጮሃል።

በቁጥር እንየው። ኤርፎኑ 120 ዲቢ በቮልት፣ ምንጩ 2 ቮልት ይሁን። ጌይኑ አንድ እጥፍ ሆኖ ማዞሪያው ሙሉ ሲከፈት 126 ዲቢ ይደርሳል። ጫፎቹ 95 ዲቢ እንዲሆኑ ለማዳመጥ ማዞሪያው 31 ዲቢ መቀነስ አለበት። ሃይ ጌይን 13 ዲቢ ሲጨምር ማዞሪያው የሚቀንሰው 44 ዲቢ ይሆናል። ለድምፅ የተሠራ ማዞሪያ እስከ ግማሽ ሲዞር የሚቀንሰው ከ15 እስከ 20 ዲቢ ነው፤ 44 ዲቢ ማለት ከመነሻው ፈቀቅ ያለች ቦታ ናት። ግራና ቀኝ የሚጣሉትም እዚያው ነው።

ችግሩ ከማዞሪያው መሆኑን ለማረጋገጥ ንግግር ብቻ ያለበት ሞኖ (በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት የሆነ) ድምፅ ክፈቱ፤ የሬዲዮ ዜና ይበቃል። ድምፁ ወደ ግራ ካዘነበለ ሄድፎኑን አዟዙራችሁ አድርጉት፣ የግራውን በቀኝ ጆሮ። ማዘንበሉ አሁንም በግራ ጆሯችሁ ላይ ከቀረ ጉዳዩ የጆሮ ነው። ከሄድፎኑ ጋር ወደ ቀኝ ከተሻገረ ወይ ሄድፎኑ ወይ አምፑ ነው። ከዚያ በኮምፒውተሩ ወይም በስልኩ ላይ ድምፁን 15 ዲቢ ያህል ቀንሱና የአምፑን ማዞሪያ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ቀድሞው ድምፅ መልሱት። ሚዛኑ ከተስተካከለ ጥፋተኛው የማዞሪያው ታችኛ ክፍል ነበር።

መፍትሔው ከዚህ ሙከራ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ሎው ጌይን። ካልበቃ ምንጩን በዲጂታል ከ10 እስከ 15 ዲቢ መቀነስ። ዲጂታል ቮልዩም ጥራት ይገድላል የሚለው ፍርሃት የቆየ ነው፤ ባለ 24 ቢት ዳክ ላይ 12 ዲቢ መቀነስ የሚወስደው ሁለት ቢት ነው፣ ባለ 16 ቢት ዘፈን ሙሉ በሙሉ ይተርፋል። ቮልዩማቸው በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) ወይም በዲጂታል ቺፕ የሚሠራ አምፖች ይህ የግራና ቀኝ ጠብ የለባቸውም፤ በነሱ ላይ የጌይን ምርጫ የሚነካው «ሽሽሽ» የሚለውን ድምፅና የደረጃዎቹን ብዛት ብቻ ነው። ጥሩ ዒላማ የሚሆነው በመደበኛ ድምፅ ስታዳምጡ የማዞሪያው ጠቋሚ ከሩብ እስከ ሁለት ሦስተኛ ባለው ክልል ውስጥ ማረፉ ነው።

«ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ከየት ይመጣል?

ኤርፎን የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን ፈትሹ። ምንጩና አምፑ በርተው ዘፈኑን አቁሙ፣ ማዞሪያውን ዜሮ ላይ አድርጉ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አዳምጡ። ማዞሪያው ዜሮ ላይ እያለ «ሽሽሽ» ከተሰማና ሃይ ጌይን ላይ ከጨመረ የአምፑ የራሱ ድምፅ ነው። ከማዞሪያው በኋላ ያለው ክፍል የራሱን ጫጫታ በጌይኑ ልክ ያባዛል፤ ሎው ላይ ማድረግ ወዲያው ያበርደዋል። ዜሮ ላይ ጸጥ ብሎ ማዞሪያውን ስትከፍቱ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ከምንጩ ወይም ከማዞሪያው በፊት ካለው ክፍል ነው። ያን ጊዜ ምንጩን በሙሉ ድምፁ መላክና አምፑን ዝቅ ማድረግ ይረዳል፤ ዘፈኑ ከጫጫታው በላይ ከፍ ብሎ ይገባል። «ሽሽሽ» ሳይሆን «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ከሆነ ጉዳዩ የጌይን አይደለም። ያ የ50 ኸርዝ መብራት ነው፤ ኧርዝ የሌለው ሶኬት ወይም ኮምፒውተሩና አምፑ በተለያየ ሶኬት ላይ መሆናቸው ሊያመጣው ይችላል። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅላችሁ ከጠፋ መነሻው ተገኘ።

ጌይኑ ከማዞሪያው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ይህን ማወቅ ብዙ ግራ የገባ ነገር ይፈታል። አብዛኞቹ አምፖች መጀመሪያ በማዞሪያው ይቀንሱና ከዚያ ያባዛሉ። ጥቂቶች ግን መጀመሪያ ያባዙና በኋላ ይቀንሳሉ። ከነሱ ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ2011 ኤንደብሊውኤቪጋይ በሚል የብዕር ስም ይጽፍ የነበረ፣ ማንነቱን ያልገለጸ ኢንጂነር ንድፉን ለሕዝብ የለቀቀው ኦብጀክቲቭ2 ነው። ተገጣጥሞ ሲሸጥ ቆይቷል፤ በእጅ የሚገጣጥሙትም አሉ።

በዚህ አምፕ መደበኛው ጌይን 2.5 እና 6.5 እጥፍ ነው። በመብራት ሲሠራ የማባዣው ክፍል ቢበዛ 7 ቮልት ገደማ ነው ማውጣት የሚችለው። 7ን ለ2.5 ስታካፍሉ 2.8 ቮልት ይመጣል፤ ባለ 2 ቮልት ዳክ በሰላም ያልፋል። 7ን ለ6.5 ስታካፍሉ ግን ከ1.1 ቮልት አይበልጥም። ባለ 2 ቮልት ዳክ ሰክታችሁ ሃይ ላይ ካደረጋችሁት ምልክቱ ማዞሪያው ጋ ሳይደርስ ጫፉ ተቆርጧል። በባትሪ ሲሆን ወሰኑ ከዚያም ይወርዳል።

ምልክቱ ግልጽ ነው። ማዞሪያውን ዝቅ አድርጋችሁ በሹክሹክታ ብታዳምጡም ድምፁ የተቀደደ ነው፤ ከበሮው «ጥ» ሳይሆን «ጭ» ይላል፣ የዘፋኙ ከፍተኛ ድምፅ ይሻክራል። እንዲህ ያለ ቀደዳ የተፈጠረው ከማዞሪያው በፊት ነው፤ ወይ ጌይኑን ወይ ምንጩን ቀንሱ። ዝቅ ስታደርጉት የሚጠራ፣ ከፍ ስታደርጉት ብቻ የሚቀደድ ከሆነ ደግሞ የመውጫው ክፍል ወይም ሄድፎኑ ራሱ ወሰኑ ላይ ደርሷል። ሃይ ጌይን ያንን አያድነውም፤ ወደዚያው ወሰን በፍጥነት ያደርሳችኋል እንጂ። በሁለቱም ጌይን የማይለወጥ ቀደዳ ከሆነ ፋይሉን ወይም ኢኳላይዘሩን ተጠራጠሩ።

ድምፁ በእውነት ይለወጣል?

በደንብ በተሠራ አምፕ ላይ ሁለቱ ጌይኖች በእኩል ድምፅ ሲሰሙ ጆሮ ለይቶ የሚይዘው ለውጥ የለም። የሚሰማው ልዩነት ከሞላ ጎደል የመጮህ ልዩነት ነው፤ ድምፅ ከፍ ሲል ጆሮ ባሱንና ቀጭኑን ድምፅ ይበልጥ ስለሚሰማ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ለማመን የሚፈልግ ግን ይለካ።

ለዚህ ቴስተር ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በየኤሌክትሪክ ሱቁ የሚሸጠው ርካሹ ዲቲ-830 አይሆንም። የኤሲ መለኪያው የሚጀምረው ከ200 ቮልት ስለሆነ ከ0.1 ቮልት በታች ያለውን አያነብም። ባለ 2 ወይም 4 ቮልት የኤሲ ክልል ያለው ወይም ክልሉን ራሱ የሚመርጥ ፈልጉ። ርካሽ ቴስተሮች ኤሲን በትክክል የሚያነቡት በመብራት ፍሪኩዌንሲ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በ1,000 ኸርዝ ሳይሆን በ60 ወይም በ100 ኸርዝ ወጥ ድምፅ ለኩ።

ሄድፎኑን ከጆሮ አውርዱ። በአምፑ መውጫ ላይ ለሁለት የሚከፍል ጃክ ሰኩና አንዱ ላይ ሄድፎኑን፣ ሌላው ላይ የመለኪያ ገመድ አድርጉ። የቴስተሩ አንድ ጫፍ የጃኩ አፍንጫ ላይ፣ ሌላው የጃኩ ሥር ባለው ሰፊ ክፍል ላይ ይነካል። ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አታነካኩ፤ አምፑ ሾርት ያደርጋል። ማዞሪያውን ወደ ግማሽ አድርሱና ከዚያ በኋላ በፍጹም አትንኩት። ሎው ላይ ለኩና ጻፉ፤ 0.200 ቮልት ነው እንበል። ማዞሪያውን ሳትነኩ ሃይ ላይ ስታደርጉ 0.900 ቢመጣ ልዩነቱ 4.5 እጥፍ፣ ማለትም 13 ዲቢ ነው። አሁን በኮምፒውተሩ ማጫወቻ ላይ ድምፁን 13 ዲቢ ቀንሱና ሃይ ላይ እንደገና ለኩ። 0.198 እና 0.202 መካከል ከሆነ ልዩነቱ ከ0.1 ዲቢ አይበልጥም፤ በቂ ነው። ማዞሪያው ስላልተንቀሳቀሰ የግራና ቀኝ ሚዛኑም አልተለወጠም፤ ቮልዩሙን በአምፑ ማዞሪያ ማስተካከል ይህን ጥቅም ያሳጣል።

ከዚያ ሌላ ሰው ጌይኑንና የማጫወቻውን ደረጃ አብሮ ይለዋውጥ፤ አዳማጩ ጀርባውን ሰጥቶ የትኛው እንደሆነ ይገምት። ከ16 ሙከራ 12 ካላገኘ ልዩነቱን እየሰማ ነው ለማለት አይቻልም።

ጉልበትን የሚለውጥ ጌይን

ቅድም «አብዛኞቹ የጠረጴዛ አምፖች» ያልነው በምክንያት ነው። በኪስ ማጫወቻዎች፣ በዶንግሎችና በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሃይ የሚባለው የቺፑን የኃይል ቮልቴጅ ጭምር ሊያሳድግ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከፍተኛው ድምፅ በእርግጥ ይጨምራል፣ ባትሪም ቶሎ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡት ባለ 14 እና ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮዎች ይህን በራሳቸው ያደርጉታል። የተሰካው ሄድፎን ከ150 ኦም በታች ከሆነ እስከ 1.25 ቮልት፣ ከ150 እስከ 1,000 ኦም ከሆነ እስከ 3 ቮልት ይሰጣሉ። ባለ 250 ኦሙን ዲቲ 990 በቀጥታ መሰካት ይቻላል። ለሁለት የሚከፍል ጃክ ላይ ሌላ ባለ 32 ኦም ሄድፎን አብራችሁ ብትሰኩ ግን ላፕቶፑ የሚያየው የሁለቱን ጥምር ኦም ነው፤ እሱም ከ32 በታች ስለሆነ በ1.25 ቮልት ይቀራል።

ስዊቿን ከመንካት በፊት

ማዞሪያውን ዜሮ አድርሱ፣ ሄድፎኑን ከጆሮ አውርዱ፣ ከዚያ ቀይሩ። 13 ዲቢ ዝላይ ማለት 4.5 እጥፍ ቮልቴጅ፣ 20 እጥፍ ኃይል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በ80 ዲቢ በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዲቢው ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 13 ዲቢ ሲጨመርበት 40ው ሰዓት ወደ 2 ይወርዳል። አንድ አምፕ በጋራ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ለምሳሌ በስቱዲዮ፣ ስዊቿን በፕላስተር ለጥፉባት። ከኤችኢ6 በኋላ ኤርፎን የሚሰካ ሰው ስዊቿ የት እንዳለች አያይም።

አንዱ ጆሮ በድንገት ሲቀንስ

ይህ ብልሽት ከሄድፎኑ ብቻ ሳይሆን ከስዊቿም ሊሆን ይችላል። የጌይን ስዊች በውስጧ ሁለት መንገድ አላት፤ ለእያንዳንዱ ጆሮ አንድ። አቧራና ዝገት አንዱን ከያዘው የዚያ ጆሮ ጌይን ብቻውን ይለወጣል። እንደ ኦብጀክቲቭ2 ባለ ንድፍ ጌይኑን የሚወስነው ወደ ኧርዝ የሚወርድ ሪዚስተር ነው፤ ስዊቿ ካላገናኘችው ያ ጆሮ ወደ አንድ እጥፍ ይወርዳል፣ ሌላው በ2.5 ይቀጥላል። ልዩነቱ 8 ዲቢ ነው፤ ጆሮው አይጠፋም፣ ራቅ ይላል። ሎው ላይ ተዛብቶ ሃይ ላይ የሚስተካከል ወይም የተገላቢጦሽ ከሆነ ስዊቿ ናት።

አምፑን ከመብራት ነቅላችሁ ስዊቿን ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ አድርጉ፤ ቀላል ዝገት በዚህ ይለቃል። ካልሆነ ሽፋኑን ከፍታችሁ የኤሌክትሪክ ኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ በቀጭን ቱቦው ወደ ስዊቿ ስንጥቅ በትንሹ ርጩና እንደገና አንቀሳቅሱ። ተራው ደብሊውዲ-40 ቅባት ስለሚተው በኋላ አቧራ ይሰበስባል፤ እሱን ተዉት። ማዞሪያው ሲዞር «ክርክር» የሚል ከሆነም በዚሁ ስፕሬይ፣ ከዘንጉ አጠገብ ባለው ቀዳዳ። ግማሽ ሰዓት ያህል ክፍት አድርጋችሁ አድርቁና መጀመሪያ በርካሽ ኤርፎን ሞክሩት።